ከደሴ ባቲ፣ ከ52 ቀን ልጅ ጋር

ልጄን ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከደሴ የወጣሁት በተወለደች በ52ኛ ቀኗ ነው። የሄድነው ባቲ ነበር። የባለቤቴ አያት አልጋ ይዘው ስለነበር «የልጅ ልጄን ልጅ ሳላይ እንዳልሞት» ብለው ላኩብን። ከመነሳቴ በፊት የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የነገረኝ አንድ ነገር ነው፤ «ብርድ እንዳይመታት»። እኔም ሰማሁ፣ ደረብኩ፣ ጠቀለልኩ። መንገድ ላይ ልጄን ያሳመማት ግን ያ የደረብኩባት ልብስ ነው። ወሎ ውስጥ ልጅ ይዘሽ የምትወጪ እህቴ፣ የእኔ ድንጋጤ አንቺ ላይ እንዳይደርስ ያየሁትን ሁሉ ልንገርሽ።

በመጀመሪያ ስለ አርባው ቀን። በእኛ አገር አራስ አርባ ቀኗ ሳይሞላ ደጅ አትወጣም። እኔም አልወጣሁም፣ አልቆጨኝምም። እትዬ የምላቸው ጎረቤታችን ክርስቲያን ናቸው፣ እኛ ሙስሊም ነን፤ ከሐኪም ቤት እንደገባሁ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው ቀድመው የደረሱት እሳቸው ናቸው። እናቴ ገንፎውን፣ እትዬ አጥሚቱን ተካፍለው አቀማጥለው አሳረሱኝ። በእነዚያ ቀናት ደሜ ቆመ፣ የጡቴ ጫፍ ቁስል ደረቀ፣ ልጄም አጠባብ ለመደች። ጡት በደንብ መያዝ ያልለመደች ልጅ ይዞ መንገድ መውጣት ለእናትም ለልጅም ስቃይ ነውና ካልቸገረሽ አትቸኩዪ።

ነገር ግን አርባው ቀን ለጉብኝትና ለመንገድ እንጂ ለሐኪም አይጠበቅም። ልጅሽ ጡት አልይዝ ካለች፣ ሰውነቷ ከጋለ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ዝልፍልፍ ካለች፣ ካንቀጠቀጣት፣ ትንፋሿ ከፈጠነ፣ መዳፏና ውስጥ እግሯ ቢጫ ከሆነ በሦስተኛ ቀኗም ቢሆን ታቅፈሻት ውጪ። አንቺም ደም ከበዛብሽ ወይም ትኩሳት ከያዘሽ እንደዚያው። «አርባ ሳይሞላ» የሚልሽ ሰው ቢኖር በጨዋ አንደበት እምቢ በይ።

የመጀመሪያ መውጫችን የ45 ቀን ክትባት ነበር። ጤና ጣቢያው ከቤታችን በባጃጅ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው፤ እኔ ግን እንደ ትልቅ ጉዞ ነበር የተዘጋጀሁበት፣ ጥሩም አደረግኩ። ያቺ አጭር መንገድ ለባቲው መንገድ መለማመጃ ሆነችልኝ። ልጄ ከቤት ሳንወጣ ጠግባ ከጠባች ሁለት ሰዓት እንደምትታገሠኝ፣ ከራባት በኋላ ለማጥባት ስሞክር ግን እያለቀሰች ጡቱን እንደማትይዝ ያየሁት ያኔ ነው። ወረፋው ውስጥ የሚያስሉ ልጆች ስለነበሩ ከእኔ በኋላ ያለችውን እናት «ተራዬን ያዥልኝ» ብዬ ደጅ ዛፍ ጥላ ሥር ቆየሁ። አላስከፋትም፤ እንዲያውም ተራዬ ሲደርስ ሮጣ ጠራችኝ።

ክትባቱን ሳታስከትቢ ሩቅ መንገድ አትጀምሪ። በ45 ቀን የሚሰጠው ፔንታ የሚባለው መርፌ ጉሮሮ የሚዘጋውን ዲፍቴሪያን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ የጉበት በሽታን እና የማጅራት ገትርና የሳንባ ምች የሚያመጣ አንድ ተዋሲያንን ይከላከላል። ከእሱ ጋር ሌላ የሳንባ ምች መርፌ፣ የፖሊዮና የተቅማጥ ጠብታ ይሰጣል። የመጀመሪያው ዙር ብቻውን ሙሉ መከላከያ ስለማይሆን በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይደገማል፤ ስለዚህ ከተከተበች በኋላም ከሚያስል ሰው ማራቅ አይቀርም። የእኔ ልጅ በተከተበች ማታ ትንሽ አተኮሳት፣ ስትነጫነጭ አደረች። በማግስቱ ብንሄድ ኖሮ ትኩሳቱ ከክትባቱ ይሁን ከመንገዱ አላውቅም ነበር። ሳምንት መቆየታችን ከዚህ አዳነኝ።

አሁን ወደ ባቲ። የሄድነው ሚያዝያ መጨረሻ፣ ሐሙስ ቀን ነው። ቀኑን የመረጠው ባለቤቴ ነው፤ ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ እሑድና ሰኞ መኪናው ሰው በሰው ላይ ይሆናል። ማለዳ ደሴ ላይ ጉም ስለሚኖርም ጉሙ እስኪገፈፍ ጠብቀን ሦስት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ደረስን። ሚኒባስ ሞልቶ እንደሚነሳ ታውቂያለሽ፤ ልጅ ይዞ የታፈነ መኪና ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። ባለቤቴ ገብቶ ቦታ ያዘ፣ እኔ ውጪ ሆኜ አጠባሁ፣ ረዳቱ «ሞላ!» ሲል ገባሁ። የሁለት ሰው ሳይሆን የሦስት ሰው ሒሳብ ከፈልን። ለዚያች ትርፍ ወንበር የከፈልነውን ያህል የረካሁበት ገንዘብ የለም፤ ክንዴን ዘርግቼ አጠባሁባት፣ ቦርሳዬን አስቀመጥኩባት፣ ማንም ትከሻ ልጄ ራስ ላይ አልተደገፈም።

ሹፌሩ አራስ ልጅ መሆኗን ሲያይ አዝኖ «ጋቢና ግቢ፣ ይመችሻል» አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ እምቢ አልኩ። ጋቢና ከመስታወቱ ፊት ለፊት ነው። ከሹፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ይሻላል። ቀበቶ ካለ አንቺ እሰሪ፤ ልጅቱን ግን ቀበቶው ውስጥ አብረሽ አታስገቢ፣ መኪናው በድንገት ቢቆም የአንቺ ክብደት ቀበቶው ላይ ይጫናታል። እውነቱን ለመናገር እቅፍ ለሕፃን መከላከያ አይሆንም፤ የልጅ መቀመጫ ያለው የዘመድ መኪና ካገኘሽ እሱን ምረጪ። ካላገኘሽ ግን በእጅሽ ያለውን አድርጊ፦ ቀን ሂጂ፣ ትርፍ የጫነ መኪና አትሳፈሪ፣ የሚያበር ሹፌር ከሆነ ዝም አትበይ። ባለቤቴ «ወንድሜ፣ የሁለት ወር ልጅ ይዘናል፣ ቀስ» አለው፤ ሹፌሩም ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት በእርጋታ ወረደልን። አንቀልባም አሁን አይሆንም፤ አንገቷ ሳይጠና ጀርባ ላይ የታዘለች ልጅ አገጯ ደረቷ ላይ ወድቆ ትንፋሿ ሊታፈን ይችላል፣ አንቺም አታያትም። ደረትሽ ላይ፣ ፊቷን እያየሽ ያዣት።

የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከዚያ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። በመካከሉ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከደጋ ወደ ቆላ አፋፍ ትወርጃለሽ ማለት ነው። እኔ ልጄን ያለበስኳት ግን ለደሴ ጠዋት ነው፤ ሁለት ቱታ፣ ሹራብ፣ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ብርድ ልብስ፣ በላዩ ላይ ጋቢ። ዓይን እንዳይበላት ብዬ ደግሞ ፊቷ ላይ ነጠላ ጣል አደረግኩበት። መኪናው ውስጥ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፤ ከኋላ አንድ ሰው ያስመልሰዋል፣ «ዝጉት፣ ብርድ ነው» የሚል ድምፅም ነበር። እኔም ደስ አለኝ፤ ልጄ እንዳይነፍስባት።

ጸጥ አለች። እኔ የተኛች መስሎኝ አላህን አመሰገንኩ። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ለማጥባት ነጠላውን ስገልጥ ፊቷ በርበሬ መስሏል። ጡቱን አፏ ላይ ሳደርግላት ከንፈሯን አነካክታ ለቀቀችው። ከጎኔ የተቀመጡ እናት እጃቸውን በአንገቷ ኋላ ሰደዱና «ወላሂ፣ ይቺን ልጅ ላብ አጥምቋታል!» አሉ። እጃቸውን ሲያወጡ መዳፋቸው እርጥብ ነበር። እኔ መላ ሰውነቴ ከዳኝ። እሳቸው ናቸው ጋቢውን የገለጡት፣ ኮፍያዋን ያወለቁት፤ «አብሽሪ፣ ሙቀት ነው፤ ግን ሳታሳዪ አትለፊ» አሉኝ።

የባቲውን መኪና ትተን በቅርብ ወዳገኘነው ጤና ተቋም ገባን። ነርሷ ሙቀቷን ስትለካ 37.9 ሆነ። ልብሷን እስከ አንዷ ቱታ አወለቀችላት፣ ትንፋሿን በሰዓት አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች፣ 48 ነበር። «የኔ እህት፣ ሁለት ወር ላልሞላው ልጅ 37.5 እና ከዚያ በላይ ትኩሳት ነው፣ ቀላል አድርገን አናየውም። ትንፋሿም 60 ቢደርስ ኖሮ ወይ ደረቷ ወደ ውስጥ ቢገባ አሁኑኑ እናስተኛት ነበር። ጥላ ውስጥ ተቀመጪና አጥቢያት፣ ደግሜ እለካታለሁ» አለችኝ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ 37.1 ሆነ፣ ልጄም ጡቷን ጎትታ ጠባች። የጡት መሳብ ድምፅ እንደዚያን ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም። ነርሷ ለሁለተኛ ጊዜ ባይወርድ ኖሮ እንደማትለቀን ነገረችን፤ ማታም ባቲ ላይ እንድንለካት፣ ዳግም ከጋለች ወይም ከዛለች በቀጥታ ሐኪም ቤት እንድንሄድ አስጠነቀቀችን። አንቺም ቤትሽ ሆነሽ ልብስ ቀንሰሽ በራስሽ ብቻ አትፍረጂ፤ ልጅሽ ከጋለች ትታይ።

አለባበሷን የለወጥኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ወፍራም አንድ ብርድ ልብስ ከመጠቅለል ቀጫጭን የጥጥ ልብስ መደራረብ ይሻላል፣ መንገዱ ሲወርድ አንድ አንድ እያልሽ ታወልቂያለሽ፣ ሲወጣ ትመልሺያለሽ። አንቺ ከለበስሽው አንድ ድርብ ብቻ ትርፍ ቢኖራት ይበቃታል። ሙቀቷን በእጇና በእግሯ አትለኪ፤ የጨቅላ እጅ እግር ቀዝቀዝ ማለቱ ያለ ነው፣ እኔን ያሳሳተኝም እሱ ነው። ጣትሽን ከአንገቷ ኋላ ወይም ደረቷ ላይ አድርጊ። ደረቅና ለብ ያለ ከሆነ ደህና ናት፤ እርጥብ ከሆነ ቀንሺ፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ደረትሽ ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርገሽ ደርቢላት። ፊቷ ላይ ምንም አይሸፈን። ዓይን የምትፈሪ ከሆነ «ማሻአላህ» አስብያቸው፣ ቁርአን ቅሪባት፤ ነጠላውን ግን ከአፍንጫዋ አንሺው።

ስለ መስኮትም አንድ ልበል። እኛ አገር መኪና ውስጥ መስኮት ማስከፈት ጠብ ነው። ከኮምቦልቻ ስንነሳ ግን ቀድሜ ለረዳቱ «ወንድሜ፣ ልጄ ታፍና ከሐኪም ቤት ነው የመጣሁት፤ የፊተኛውን መስኮት ሁለት ጣት ያህል ክፈትልን» አልኩት። ሁሉም ሰማ። አንድ አዛውንት «ክፈት እንጂ፣ ልጅ እኮ ናት» ብለው ተቆጡት፣ እስከ ባቲ ማንም አልዘጋውም። የወሎ ሰው ለልጅ ሲባል እምቢ አይልም፤ መናገር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ቁልቁለት ላይ ጆሮሽ ጭው ሲል የልጅሽም ጆሮ እንደዚያ ይሆናል፤ ያኔ ጡት ብታጎርሻት መዋጡ ያስለቅቅላታል። ታጥፎ ታጥፎ በሚወርድ መንገድ ላይ ስታጠቢ ግን አንድ እጅሽ ሁልጊዜ ራሷን ይያዝ።

በቦርሳዬ ከያዝኩት የጠቀመኝን ብቻ ልንገርሽ። የክትባት ካርዷ ነርሷ በመጀመሪያ የጠየቀችው ነገር ነበር። ለመንገዱ ቀን ዳይፐር ስምንት ይዤ ስድስቱን ጨረስኩ፤ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ካረጠበች ወተቱ እየበቃት ነው ማለት ስለሆነ ስቀይር እቆጥር ነበር። ለቆሸሸው ፌስታል፣ ለእሷ ሁለት ቅያሪ፣ ለእኔ አንድ ቅያሪ፣ ለመጥረጊያ ንጹሕ ጨርቅና ውሃ። ቴርሞሜትር ግን አልነበረኝም፤ ኮምቦልቻ ፋርማሲ ገብተን ገዛን። ከሁሉም በፊት ገዝቼው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ጡጦ አልያዝኩም።

ባቲ ሌላ ፈተና አለው፤ ፍቅር ነው ፈተናው። ግቢው በዘመድ ሞልቶ ጠበቀን። ባለቤቴን ከደሴ ሳንነሳ እንዲደውል አድርጌው ነበር፤ «ልጅቱን ፊቷን የሚስም፣ ጉንፋን ያለበት የሚያቅፍ አይኑር፣ ሐኪም ከልክሏል» ብሎ ለአክስቶቹ ነግሯቸዋል። ይህ ቃል ከእሱ አፍ መውጣቱ ጥሩ ሆነ። ከእኔ ቢወጣ «የደሴ ልጅ ተጸየፈችን» ይባል ነበር። ከእሱ ሲሆን ልጃቸው ነውና ሰሙት። እኔም በበኩሌ በሩ ላይ ውሃና ሳሙና አስቀምጬ ከማንም በፊት እጄን ታጠብኩ፣ የመጣው ሁሉ ተከትሎኝ ታጠበ።

አክስቱ በሙቀቱ አዝነው «ጉሮሮዋ ደረቀ፣ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጊላት» አሉኝ። አንዲት ሌላ ደግሞ ለጋ ቅቤ በማንኪያ ይዘው መጡ። ልባቸው ደግ ነው፤ እነሱም በዚያው ነው ያደጉት። እኔ ግን «እማ፣ አንቱ ለእኔ ስጡኝ፣ እኔ ስጠጣ እሷም ትጠጣለች» አልኳቸው። እውነት ነው፤ የእናት ጡት ወተት ከመቶ ከሰማንያ እጅ በላይ ውሃ ነው። እስከ ስድስት ወር በቆላም ቢሆን ሌላ ውሃ አያስፈልጋትም፤ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው። ቅቤውን እኔ ገንፎ ላይ በላሁት፣ እሳቸውም ደስ አላቸው፣ እኔም ጠገብኩ። ቡናው ሲፈላ፣ ዕጣኑ ሲጨስ ልጄን ይዤ ደጅ ዳስ ሥር ወጣሁ። «ምነው ከአቦሉ ሸሸሽ?» ሲሉኝ «ጭሱ ያስላታል፣ በረካው ላይ እገባለሁ» አልኩ፣ ስኒዬን ደጅ አመጡልኝ።

ማታ አጎበር ጠየቅኩ። ደሴ ያደገች ሰው አጎበር አታስብም፣ ነገር ግን ከ2,000 ሜትር በታች ባለው አብዛኛው አገራችን ወባ ይደርሳል፣ ባቲም ከዚያ በታች ናት። የአክስቱን አልጋ አጎበር አውርደው ለእኛ ሰቀሉልን፣ ጠርዙን ፍራሹ ሥር ከታች ሸጎጥኩት። ልጄን በጀርባዋ፣ ከጎኔ ለብቻዋ አስተኛኋት፣ በሁለታችን መካከል አላደረግኳትም። አንዲት ስስ የጥጥ ቱታ ብቻ ለብሳ አደረች። ሙቀቷ 36.8 ነበር።

የባለቤቴ አያት ያኔ ሳል ነበረባቸው። ከምንም በላይ የፈራሁት እሱን ነው፤ የመጣነው ለእሳቸው፣ የሚያስሉትም እሳቸው። ልጄን ታቅፌ ክፍላቸው በር ላይ ቆምኩ። ዓይናቸው ሞራ ለብሷል፤ ግን አዩኝ መሰለኝ፣ «አትቅረቢ ልጄ፣ እኔ አስላለሁ። እግሯን ብቻ ስጪኝ» አሉ። እንባዬ መጣ። ከአልጋው ግርጌ ቁጭ ብዬ የልጄን ባዶ እግር ዘረጋሁላቸው። በመዳፋቸው ያዙት፣ እያንዳንዷን ጣት በአውራ ጣታቸው ዳበሱ፣ አምስቷንም ቆጠሩ። ከዚያ ውስጥ እግሯን ግንባራቸው ላይ አድርገው «አላህ ያሳድግሽ፣ ለእናት ለአባትሽ ጧሪ ቀባሪ ያድርግሽ» ብለው መረቁ። ስንወጣ እግሯን በሳሙና አጠብኩት፣ እሳቸውም አልተቀየሙኝም፤ «ደግ አደረግሽ» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ተመለስን፣ የገበያው ሰው ሳይነሳ። ከባቲ እስከ ኮምቦልቻ በአንድ ቱታ፣ ባዶ እግሯን መጣች። ሐረጎን ስንጀምር ካልሲ፣ አጋማሹ ላይ ሹራብ፣ የደሴው የጦሳ ተራራ ሲታይ ኮፍያና ስስ ብርድ ልብስ ጨመርኩ። ደሴ መናኸሪያ ወርደን ጣቴን በአንገቷ ኋላ ሰደድኩ፤ ደረቅ ነበር፣ ለብ ያለ። እትዬ በር ላይ ጠብቀውኝ «ብርድ መታት እንዴ?» ብለው ሲጠይቁኝ እጃቸውን ይዤ እዚያው አንገቷ ላይ አደረግኩላቸው።